ለበዓል ስጦታ የሚሆን ፈጅ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም ስለ በዓል ስጦታ ስንጽፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የጠቀስነው ፈጅ የተባለ ጣፋጭ ከጠበቅነው በላይ ደብዳቤ አስከትሎብናል። ለማያውቁት አንባቢያን ለመግለጽ ያህል፣ ፈጅ ማለት ስኳር፣ ወተት፣ ቅቤና ቸኮሌት በአንድ ድስት ተዋሕደው በዝርግ ዕቃ ላይ ከረጉ በኋላ በትንንሹ የሚቆረጥ፣ ከከረሜላ የሚለሰልስ፣ ከኬክ ግን የሚጠጥር ጣፋጭ ነው። ስሙ በፊደላችን ሲጻፍ «ነገረ ፈጅ»ንና «ጊዜ ፈጅ»ን ማስታወሱ አያስፈራ፤ አንደኛው አሠራሩ በእርግጥ ጊዜም ትዕግሥትም የሚፈጅ ቢሆንም ሌላው በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለፈረንጆቹ ገና ለጎረቤቶቻችንና ለልጆቼ መምህራን ፈጅ ሠርቼ መስጠት እፈልጋለሁ። ስኳር አፍልቶ በዲግሪ መለካት አልሞከርኩም። በዚያ ላይ ሰሞኑ የነቢያት ጾም ስለሆነ ወተትና ቅቤ ያለበትን ነገር ቀምሼ ማረጋገጥ አልችልም። ሳልቀምሰው የማይበላሽብኝ ቀላል አሠራር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ለምን ቀላል እንደሆነ ከተረዱት ደግሞ መቅመስ እንደማያስፈልግዎ ራስዎ ያዩታል። በጥንቱ አሠራር ፈጁን የሚያረጋው ስኳሩ ነው። ስኳሩ በትክክለኛው ሙቀት ፈልቶ፣ ቀዝቅዞና ተመትቶ ወደ ደቃቅ ፍሬዎች መለወጥ ስላለበት በሙቀቱም ሆነ በምቱ ትንሽ ስሕተት ሁሉን ያበላሻል። በቀላሉ አሠራር ግን የሚያረጋው የቸኮሌቱ ቅባት ሲሆን፣ ስኳሩና ወተቱ የሚገኙት በቆርቆሮ ከሚሸጠው ጣፋጭ ኮንደንስድ ወተት ነው። የወተቱ ውሃ በፋብሪካ ስለተነነና ስኳሩም አስቀድሞ ስለሟሟ ለእርስዎ የሚቀረው ቸኮሌቱን አቅልጦ ማዋሐድ ብቻ ነው።

ለአንድ ዙር 397 ግራም የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ ጣፋጭ ኮንደንስድ ወተት፣ ካካዋው ከ50 እስከ 60 በመቶ የሆነ 500 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 30 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ያዘጋጁ። ቸኮሌትዎ 70 በመቶ ካካዋ ካለው 400 ግራም ይበቃል፤ የወተት ቸኮሌት ከሆነ ግን ለስላሳ ስለሆነ ወደ 600 ግራም ከፍ ያድርጉት። እዚያ ያሉ የአሠራር መጻሕፍት በኩባያ ሲለኩ ያያሉ፤ ኩባያ ግን ቸኮሌቱ በተሰባበረበት መጠን ስለሚዋሽ በሚዛን እንዲለኩ አጥብቄ እመክራለሁ። ፈጅ ልኩን ካገኘ በኋላ ክርክር የለውም።

በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ዝርግ ዕቃ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ጠርዙ ወደ ውጭ እንዲተርፍ አድርገው ያንጥፉ፤ በኋላ የረጋውን ፈጅ በወረቀቱ ይዘው ያነሡታል። በአንድ ድስት ሁለት ጣት ውሃ በዝግታ እንዲፈላ ያድርጉና፣ ቂጡ ውሃውን የማይነካ ሳህን ከላዩ አስቀምጠው ቸኮሌቱን፣ ወተቱንና ቅቤውን በአንድ ላይ ይጨምሩ። ቸኮሌቱ ሲሦው ብቻ ሳይቀልጥ ሲቀር ከእሳት ያውርዱት፤ የቀረውን የራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል። ከዚያም ጨውና ቫኒላውን ጨምረው በማማሰያ ያዋሕዱ። ውሕዱ መጀመሪያ ደብዘዝ ያለና የተቆራረጠ ይመስላል፤ ሲያማስሉት ግን እየጠበቀ፣ እያብረቀረቀ ይሄድና በመጨረሻ የሳህኑን ግድግዳ ለቆ እንደ አንድ አካል ማማሰያውን ተከትሎ ይዞራል። ምላስዎን የሚተካው ይህ ምልክት ነው። ያኔ በዕቃው ላይ ገልብጠው ከላዩ ያስተካክሉትና በማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ሰዓት ያቆዩት። በሙቅ ውሃ ተነክሮ በተወለወለ ቢላ በየ2.5 ሴንቲ ሜትር ሲቆርጡት 64 ቁራጭ ይወጣዋል።

ሳይቀምሱ ሊያስቱዎት የሚችሉት ጨውና ቫኒላው ብቻ ስለሆኑ ሁለቱን በማንኪያ ለኩ እንጂ በእጅ አይነስንሱ። ጾም ያልጀመረ ሕፃን በቤት ካለ ዳኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እኔ ቤት ያለው ዳኛ «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» ስለሚል ፍርዱን አላምነውም።

ለመምህራኑ የሚሰጡት ካርድ ላይ መጻፍ ከፈለጉ፣ ይህ ጣፋጭ ከሰፈርዎ ሩቅ የሆነ ታሪክ የለውም። ኤመሊን ባተርስቢ ሃርትሪጅ የተባለች የቫሳር ኮሌጅ ተማሪ በጻፈችው ደብዳቤ እንደምትተርከው፣ በ1886 እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ በባልቲሞር ከተማ የአንዲት ጓደኛዋ ዘመድ ፈጅ ሠርታ ፓውንዱን በ40 ሳንቲም ትሸጥ ነበር። ሃርትሪጅም አሠራሩን ተቀብላ በ1888 በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው ኮሌጇ ለተካሄደ የተመራቂዎች ጨረታ 30 ፓውንድ፣ ማለትም 13 ኪሎ ተኩል ያህል ሠርታለች። ኮንደንስድ ወተቱ ከዚህም ይቀድማል፤ ጌይል ቦርደን የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በ1856 ነበር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ላይ «115 ዲግሪ እስኪደርስ አፍሉ» የሚለውን በቴርሞሜትር ተከትዬ፣ ሰዓቱንም ሳላዛባ ሁለት ጊዜ ሠራሁ። ሁለቱም ጊዜ ድንጋይ ሆነብኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ድንጋዩን የሠራው የከተማችን ከፍታ ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው።

ስኳርና ወተት ሲፈላ የምናነበው ዲግሪ የሚነግረን በድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው። ውሃው እየተነነ ስኳሩ እየጠና በሄደ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይጨምራል፤ በባሕር ጠለል ላይ ከ112 እስከ 116 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ለፈጅ ልክ ነው ይባላል። ነገር ግን ወደ ደጋ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሁሉም ነገር በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ቅናሹም በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ንጹሕ ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርስዎ 115ን ሲጠብቁ፣ በባሕር ጠለል አጠገብ ያለ ሰው እስከ 123 ዲግሪ ድረስ ያፈላውን ያህል ውሃውን አሟጠውታል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ጥርስ የሚፈትን የከረሜላ ደረጃ ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት ቢላ አጥፌ ነው። የመጀመሪያ ፈጄን ለመቁረጥ በቢላው ጀርባ ላይ በመዳፌ ስጫን ጫፉ ቀለበስ አለ፤ በመጨረሻም ጣፋጩን በሙቀጫ ወቅጬ ለሳምንት ያህል በትኩስ ወተት እያሟሟሁ ለልጆች አጠጣሁት። ስጦታ ሊሆን ታስቦ የነበረው ነገር መጠጥ ሆኖ ቀረ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ቴርሞሜትርዎን በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ፣ ድስቱን ሳያስነኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ይያዙትና ያነበቡትን ቁጥር ከ100 ይቀንሱ። 92 ካነበቡ ልዩነቱ 8 ነው፤ መጽሐፉ 114 ሲል እርስዎ 106 ላይ ያቆማሉ። ይህ ዘዴ የከፍታውን ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውንም ስሕተት አብሮ ያርማል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሳህን ውስጥ ጠብ ያድርጉለት። በውሃው ውስጥ በጣት ተሰብስቦ ድብልብል ከሆነ፣ ከውሃው አውጥተው በጣቶችዎ መካከል ሲጫኑት ደግሞ ያለ ተቃውሞ ከተዘረጋ ደርሷል። ይህ ፈተና ከፍታን አያውቅም፤ በድሬዳዋም በደብረ ብርሃንም እኩል ይሠራል።

ለሦስተኛ ሙከራዎ ልኩ ይህ ነው፦ 400 ግራም ስኳር፣ 180 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 60 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው። ማሩን የጨመርኩት ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያሉት የስኳር ዓይነቶች ከተራው ስኳር ስለሚለዩ ፍሬዎቹ ተሰባስበው እንዳያድጉ መንገድ ይዘጉባቸዋል። ውሕዱ እስኪፈላ ብቻ ያማስሉ፤ ከፈላ በኋላ ማማሰያውን ያውጡ። በድስቱ ግድግዳ ላይ የቀረች አንዲት የስኳር ቅንጣት ተመልሳ ከገባች እንደ ዘር ሆና ቀሪውን ሁሉ ወደ አሸዋ ስለምትለውጠው፣ መጀመሪያ ሲፈላ ለሁለት ደቂቃ ይክደኑት፤ እንፋሎቱ ግድግዳውን ያጥብልዎታል። ሲደርስ አውርደው 30 ግራም ቅቤ ከላዩ ያስቀምጡና፣ ሳይነቀንቁትና ሳያማስሉት፣ ወደ 45 ዲግሪ ማለትም የድስቱን ቂጥ በመዳፍ ሲይዙት ሙቅ ሆኖ የማያቃጥል እስኪሆን ይጠብቁ። ይህኛው ዲግሪ ከመፍላት ጋር ግንኙነት ስለሌለው በከፍታ ምክንያት አይቀነስም። ከዚያ በጠንካራ ማማሰያ አሥር ደቂቃም አሥራ አምስት ደቂቃም ይምቱት፤ ጸዳሉ ሲጠፋና ሲደበዝዝ ሳይዘገዩ በዕቃው ላይ ይገልብጡት፤ ሠላሳ ሰከንድ ዘግይተው በድስቱ ውስጥ የረጋባቸው ብዙ ናቸው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የግሌን አስተያየት ብጠየቅ፣ በደጋ ለሚኖርና ለበዓል ሠላሳ ሰው ለሚያስብ ሰው በመጀመሪያው መልስ የተገለጸው የኮንደንስድ ወተቱ አሠራር ይሻላል። ቸኮሌት የሚረጋው በየትኛውም ከፍታ በአንድ ዓይነት ሙቀት ነው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ኮንደንስድ ወተት አንዳንዴ ይጠፋል፤ ሲገኝም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ቸኮሌቱም እንደዚያው። በአካባቢያችን በሚገኝ ወተት መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ወተቱን በሚገባ መተካት ይችላሉ። 650 ሚሊ ሊትር ስቡ ያልተቀነሰ የላም ወተትና 210 ግራም ስኳር ሰፊ አፍ ባለው ድስት ይጨምሩ፤ ድስቱን ግን አስቀድመው ባዶውን መመዘን እንዳይረሱ። በለስላሳ እሳት፣ በየጥቂቱ ቂጡን እየጠረጉ እያማሰሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ያፍሉት። አልፎ አልፎ ድስቱን ከነወተቱ እየመዘኑ የባዶውን ድስት ክብደት ሲቀንሱለት የቀረው 400 ግራም ከሆነ ከአንድ ቆርቆሮ ጋር እኩል የሆነ ወተት አግኝተዋል። በዓይን «ወፍሯል» ብሎ ማቆም ሁልጊዜ ያሳስታል፤ ትኩሱ ወተት ሲቀዘቅዝ ከሚሆነው ይልቅ ቀጭን መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ከልክ በላይ ያፈላዋል። በወንፊት አጥልለው ያቀዝቅዙት፤ በከላዩ የሚሠራው ስልባቦት ከገባበት በፈጁ ውስጥ እንደ ክር ይገኛል።

ቸኮሌቱን መተካት ግን የጣፋጩን ጠባይ ይለውጣል። በየሱፐርማርኬቱ በርካሽ የሚሸጠው ቅብ ቸኮሌት በካካዋ ቅቤ ፈንታ የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ቅባት ያለው ሲሆን፣ ፈጁን በሚገባ ያረጋዋል፤ በአፍ ውስጥ ግን ሻማ ሻማ ይላል። ከዚያ ይልቅ 35 ግራም የካካዋ ዱቄት ነፍተው ከ400 ግራሙ ወተትና ከ30 ግራም ቅቤ ጋር በለስላሳ እሳት እያማሰሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢያበስሉት እመርጣለሁ። በማማሰያ መሐሉን ሲሰነጥቁት የድስቱ ቂጥ ለአፍታ ከታየና ውሕዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ይህን በብራዚል ብሪጋዴሮ ይሉታል። አራት ማዕዘን አይቆረጥም፤ ለስላሳ ስለሆነ እጅን ቅቤ ቀብቶ እንደ ቆሎ ሳይሆን እንደ ትልቅ የወይን ፍሬ ማድቦልቦልና ተቆልቶ በተፈጨ ለውዝ ላይ ማንከባለል ነው። ስጦታነቱ ከፈጅ አያንስም፤ ወጪው ግን ግማሹን እንኳ አይደርስም።

ጥያቄ፦ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ለሚመጡ እንግዶች በትንንሽ መያዣ ጣፋጭ ልሰጣቸው አስቤያለሁ። ቀኑ በጾም ውስጥ ስለሆነ የጾም ፈጅ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚዘልቅ የወተቱ ፈጅ ለገብርኤል አይሆንም። በኮኮናት ወተት የሚሠራው ግን ይጾማል፤ ባለ ወተቱንም አያስመኝም። ስቡ ያልተቀነሰ 400 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት ከ100 ግራም ስኳር ጋር በለስላሳ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ አፍልተው ወደ 250 ግራም ያድርሱት። ትኩሱን በደቃቁ በተሰባበረ 300 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ላይ ያፍስሱና፣ ሁለት ደቂቃ ሳይነኩት ቆይተው ከመሐል ወደ ዳር እየዞሩ ያዋሕዱ። 100 ግራም የተቆላና የተሰባበረ ለውዝና ቁንጥር ጨው ሲጨመርበት ጣፋጭነቱ ልከኛ ይሆናል። ለዚህ ልክ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ ይበቃል፤ በትልቁ ካፈሰሱት እንደ ቂጣ ሳስቶ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጥቁር ቸኮሌት ጾም ነው» ብሎ በማመን ነው። የወተት ዱቄት ወይም የወተት ስብ የተጨመረበት ጥቁር ቸኮሌት ብዙ ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት በጀርባው በደቃቁ የተጻፈውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ኮኮናት የማይስማማቸው እንግዶች ካሉ ሰሊጥ ቆልተው ልሞ ቅባቱ እስኪወጣ ከፈጩት በኋላ፣ 250 ግራሙን ከ250 ግራም የቀለጠ ጥቁር ቸኮሌትና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ጋር ቢያዋሕዱትም ይረጋል። ይህኛው ከቡና ጋር ሲቀርብ ከሁሉም ይልቅ ለእኔ ይጥመኛል።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው የምጽፈው። ለዒድ ለጓደኞቼ ልሠራ አስቤ ሁለት ነገር አሳሰበኝ፤ አንደኛው በውስጡ የማይፈቀድ ነገር እንዳይኖር፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ እንዳይቀልጥ።

መልስ፦ በመጀመሪያው ረገድ ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። ፈሳሹ የቫኒላ ጭማቂ የሚዘጋጀው በአልኮል ነው፤ በአሜሪካ ደንብ መሠረት በዚህ ስም የሚሸጠው ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል። በእሱ ፈንታ የቫኒላ ዱቄት ወይም የራሱን የቫኒላ ዘንግ ፍቅፋቂ ይጠቀሙ፤ እዚያ በየሱቁ የሚገኘው የተፈጨ ሄልም ግሩም ምትክ ነው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሁለተኛው፣ አንዳንድ አሠራሮች ፈጁን ለማለስለስ ማርሽማሎ የተባለውን እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ የስኳር ጣፋጭ ይጨምሩበታል። ማርሽማሎ የሚረጋው በጄላቲን ስለሆነ፣ ጄላቲኑ ደግሞ ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐላል የሚል ምልክት ከሌለው ይተዉት። በዚህ ዓምድ የሰጠናቸው አሠራሮች ማርሽማሎ የለባቸውም።

መቅለጡን በተመለከተ፣ የቸኮሌት ቅባት 34 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። የቸኮሌቱን መጠን ከ500 ወደ 600 ግራም ከፍ ማድረግ ትንሽ ያጠጥረዋል እንጂ ከዚህ አያድነውም። እርስዎ ግን የአዲስ አበባዋ አንባቢያችን ያላገኘችው ዕድል አለዎት፤ የሚኖሩት በባሕር ጠለል ላይ በመሆኑ ከላይ የሰጠነውን የስኳር አሠራር 114 ዲግሪ ላይ ያለ ምንም ቅናሽ ሊሠሩት ይችላሉ። እሱን የያዘው የስኳር ፍሬ ስለሆነና ስኳር በዚያ ሙቀት ስለማይቀልጥ ጉዞውን ይችለዋል።

ጥያቄ፦ በእስራኤል፣ ነታንያ እኖራለሁ። በበዓል ማዕዳችን ላይ ሥጋ ስለሚኖር ከወተት የተሠራ ጣፋጭ ማቅረብ አልችልም።

መልስ፦ ለገብርኤል የሰጠነው የኮኮናት ፈጅ ለእርስዎም ይሆናል። ቸኮሌቱም የኮኮናት ወተቱም «ፓርቬ» (በአይሁድ ሥርዓት ሥጋም ወተትም የሌለበት) የሚል ምልክት ያለባቸው እንዲሆኑ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ድስቱና ማማሰያውም የወተት ዕቃ አይሁን።

ጥያቄ፦ የኮንደንስድ ወተቱን ፈጅ ስሠራ ዘይቱ ተለይቶ ከላይ ተንሳፈፈ፤ ሽታውም ወጥ ወጥ አለ። ከሐዋሳ።

መልስ፦ ደብዳቤዎ ቅቤው ምን ዓይነት እንደነበረ አይናገርም፤ ሽታው ግን ይናገራል። ንጥር ቅቤ ተጠቅመዋል። የተነጠረ ቅቤ አብሽ፣ ኮሰረት፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌላም ቅመም ስላለበት ዶሮ ወጥ ውስጥ ንጉሥ ነው፤ ቸኮሌት ውስጥ ግን ቦታ የለውም። (ኮረሪማ ብቻውን ሌላ ነገር ነው፤ የተፈጨ ሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ በጥቁር ቸኮሌት ፈጅ ውስጥ ሞክሩት።) የገበታ ቅቤ ከጠፋ ቅቤውን ጭራሽ ይተዉት፤ ፈጁ ያለ እሱም ይረጋል።

ዘይቱ የተለየው ሙቀቱ ስለበዛ ነው። ምናልባት በቀጥታ እሳት ላይ ጥደውታል፤ ወይም ቸኮሌቱ ቀልጦ ካለቀ በኋላም ከእሳት አላወረዱትም። እንደዚህ ሲሆን አይድፉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ወተት ጨምረው አጥብቀው ያማስሉ፤ ካልተመለሰ አንድ ማንኪያ ይድገሙ። አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ማንኪያ ዘይቱ ተመልሶ ይዋሐዳል፤ ፈጁ ግን ለስለስ ስለሚል በማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት። የስኳሩ አሠራር አሸዋ አሸዋ ካለ ወይም ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ሰባብረው ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃና ከአንድ ማንኪያ ማር ጋር በለስላሳ እሳት ፍጹም እስኪሟሟ ያቆዩትና እንደ አዲስ አፍልተው ለከፍታዎ በሚሆነው ዲግሪ ላይ ያቁሙት። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለምትል ቅናሹ ያነሰ ነው፤ ቁጥሩን ከሚፈላው ውሃ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ከበዓሉ ስንት ቀን ቀድሜ ልሥራው? በምንስ ልጠቅልለው?

መልስ፦ በዋዜማው አይሆንም። በዋዜማው ምድጃው የዶሮው ነው፤ ቤቱም በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ይታጠናል፤ ፈጅ ደግሞ ቅባት ስለሆነ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ሦስት ወይም አራት ቀን ቀድመው ይሥሩት። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ፣ በየድርቡ መካከል የመጋገሪያ ወረቀት ተደርጎ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ አንድ ሳምንት፣ በማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። በረዶ ቤት ውስጥ ሦስት ወር ቢቆይም አይጎዳም፤ ሲያወጡት ግን ከነክዳኑ አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት፤ ወዲያው ከከፈቱት ላብ ያወጣና ላዩ ይጣበቃል። ማቀዝቀዣው ውስጥ የንጥር ቅቤ ቅል ወይም የተከፈተ አዋዜ ካለ ዕቃውን በሁለተኛ ከረጢት ያስገቡት።

ለመጠቅለያ የሚያብረቀርቅ ካርቶን መግዛት የግድ አይደለም። ትንሽ ክዳን ያላት ሙዳይ ውስጧ በመጋገሪያ ወረቀት ተሸፍኖ አሥራ ሁለት ቁራጭ ሲደረደርባት ጣፋጩ ካለቀ በኋላም ሙዳይዋ በቤቱ ትቀራለች። ሙዳይ ሽታ የሚይዝ ሣር ስለሆነች አስቀድመው ግማሽ ቀን በነፋስ ያስጧት፤ ቅመም የነበረባት ከሆነች ለፈጅ አይጠቀሙባት። ቁራጮቹን አነስ ያድርጉ። የቆርቆሮ ወተቱ ራሱ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ስለሆነ አንድ ቁራጭ ለአንድ ስኒ ቡና ይበቃል። ስኳር በሽታ ላለባቸው ዘመዶችዎ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በዚያችው ሙዳይ የተቆላ ለውዝና ሱፍ ይስጧቸው።

በእያንዳንዱ ስጦታ ላይ የተሠራበትን ቀን፣ ወተት ያለበት ወይም የጾም መሆኑን፣ ለውዝ ወይም ሰሊጥ ከገባበትም ያንኑ በአጭሩ ጽፈው ያንጠልጥሉ። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ያለበት ቤት ከቸኮሌት መዓዛ ለይቶ ሊያውቀው አይችልም።